ውርጭ የመታው ድንች

በጉና ወገብ ላይ፣ ከገሳይ ከተማ ሽቅብ በምትገኘው መንደር፣ የጌጤን ድንች የማያውቅ ሰው አልነበረም። ዘሩ ከሁሉም ጋር አንድ ነው፤ አፈሩም ያው ጥቁር የደጋ አፈር ነው። የእሷ ድንች ግን ገና ድስት ውስጥ ሳለ ልጣጩ በራሱ ይሰነጠቅና ውስጡ እንደ ዱቄት ብትን ይላል። ውሃ አያቋጥርም፤ ጥርስ ላይ አይለጠፍም። ጎረቤቶቿ «እንዴት አድርገሽ ነው?» ሲሏት ትስቃለች።

«ምን አደርገዋለሁ? አልቸኩልበትም፤ ይኸው ነው።»

እውነቷን ነበር። ድንች ከመሬት እንደወጣ ላብ አለው ትላለች። ከነላቡ ጎታ ውስጥ ከገባ እርስ በርሱ ይሟሟቅና ይሻግታል። ስለዚህ የእሷ ድንች ተቆፍሮ ማሳው ላይ ተከምሮ ያድራል፤ ነፋስ ያገኘዋል፣ አፈሩ ይራገፋል፣ ልጣጩም ይጠነክራል። ውርጭ እንዳይመታው ገለባ ይለብሳል። ባሏ ይርጋ ስለ እርሻውና ስለ ከብቱ የሚናገረው ብዙ ነው፤ በድንቹ ነገር ግን ቃሉ የጌጤ ነበር።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ስድስት ዓ.ም. ክረምቱ ገና በነሐሴ ቀጥ አለ። ተዳፋቱ ላይ የተዘራው ገብስ ፍሬ ሳይቋጥር ነጥቶ ቀረ፤ የተገኘውን አገዳና ገለባም ከብቶቹ ወዲያው ጨረሱት። ከምንጩ ሥር ባለችው ረግረግ መሬት ላይ የተተከለው ድንች ብቻ እርጥበት ስላልተለየው ተረፈ። ቤተሰቡ ዓመቱን የሚያየው በዚያ ድንች ነበር። ከፊሉን የገሳዩ ነጋዴ ሁሴን ደብረ ታቦር ወስዶ ሊሸጥላቸው ተስማምተዋል፤ በዚያ ዘመን እህል በየኬላው ስለሚያዝ ሁሴን ማንም የማይነካበትን ድንችና ሽንኩርት ነበር የሚነግደው። የቀረውን ሊበሉትና ለዘር ሊያስቀምጡት አስበዋል።

በኅዳር ድንቹን ማውጣት ጀመሩ። ሥራው እንደታሰበው አልሄደም። ገበሬ ማኅበሩ ለእርከን ሥራ እየጠራ ይርጋን ከማሳው ያነሳዋል፤ እሱ ሲመለስ ቀኑ ያልቃል። የመጨረሻው ትልም ተቆፍሮ ሁሉም አንድ ላይ የተከመረው አንድ ሐሙስ ወደ ማታ ነበር።

ይርጋ ዶማውን ጣል አድርጎ ክምሩን አየና፣ «ዛሬውኑ እናስገባው» አለ። «ገለባ የለንም። በምን እናለብሰዋለን?»

ጌጤ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። የጉና አናት በደመና ተሸፍኗል።

«ዳምኗል እኮ» አለች። «በደመና ውርጭ አይወርድም። ላቡን ሳይጨርስ ብናስገባው ግማሹ ይበሰብስብናል። ዓመት የምንይዘው ነው።»

«እንዳልሽ» አለ ይርጋ። ደክሞት ነበርና አልተከራከረም። ያገኙትን ቅጠልና አንድ ያረጀ ቁርበት ጣል ጣል አድርገውበት ገቡ።

ደመናው ሳይነጋ ተገፎ ሄደ።

ጌጤ ጠዋት በር ስትከፍት አገሩ ነጭ ሆኖ ጠበቃት። ሣሩ፣ አጥሩ፣ የበሬዎቹ ጀርባ ሳይቀር አመዳይ ለብሷል። ነጠላዋን ሳታጣፋ ቁልቁል ሮጠች። ቁርበቱ እንደ ሳንቃ ድርቅ ብሏል። ከሥሩ አንድ ድንች አነሳች። ከሌላው ጋር ስታጋጨው እንደ ጠጠር ኳ አለ። በጥፍሯ ልጣጩን ልትፍቅ ሞከረች፤ ጥፍሯ ተንሸራተተ እንጂ አልገባም። እጇ ውስጥ ጥቂት ሲቆይ ግን ድንጋዩ ቀስ እያለ ማላብ ጀመረ፤ መዳፏም ረጠበ።

ይርጋ ከኋላዋ መጥቶ ቆሟል። ክምሩን አየ፤ እሷን አየ። «አንቺ ነሽ» ቢላት ይሻላት ነበር። እሱ ግን ዞሮ ወደ ከብቶቹ ሄደ።

ማልቀስ ቃጥቷት ነበር፤ ልጆቹ ግን ገና እህል አልቀመሱም። በቀሚሷ እቅፍ ያህል ይዛ ወደ ቤት ተመለሰችና ምን እንደሚወጣው ሳታውቅ ድንጋይ የሆነውን ድንች እንዳለ የፈላ ውሃ ውስጥ ጨመረችው። በስሎ ሲወጣ ልጣጩ እንደ ልብስ ወለቀ። ውስጡ እንደ ወትሮው ብትን አይልም፤ ረጠብ፣ ለስለስ ያለ፣ ወደ ቢጫ ያደላ ነው። ቀመሰችው። ማር የነካው ይመስል ይጣፍጣል። ልጆቹም ምንም ሳይሉ በሉት፤ ትንሹማ ድገሚኝ አለ።

ፀሐዩ ጠንከር ሲል ወደ ክምሩ ተመለሰች። ከላይ ያለው ቀልጧል፤ የቀለጠውም ሌላ ነገር ሆኗል። ልጣጩ ተጨማዷል፣ ሲነኩት ልሽቅ ይላል፣ ሲጫኑት እንደ ራሰ ጨርቅ ውሃ ይተፋል። ቆርሳ ያየችው ውስጡ ዓይኗ እያየ ጠቆረ። ከእሱም ጥቂት ወስዳ ቀቀለች። ይኼኛው ገሚሱ ድስቱ ውስጥ ተበታትኖ ቀረ፤ ያልተበታተነውም አፍ ውስጥ ሲገባ ውሃና ቃጫ ብቻ የሆነ፣ ጉሮሮ የማይቀበለው ነገር ነበር። ምድጃው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ሁለቱን በሁለት እጇ ይዛ አስተያየቻቸው። ያው አንድ ድንች ነው፤ የመታቸውም ያው አንድ ሌሊት ነው። አንዱ ግን በረዶ እንደሆነ እሳት አገኘው፤ ሌላውን ቀድማ ፀሐይ አገኘችው።

ነገሩ እንደገባት እንቅብ አንስታ ሮጠች። ከክምሩ መሐል ያለው ገና ድንጋይ ነበር። የቀለጠውን በእጇ እየገፋች፣ ያልቀለጠውን እያወጣች ፀሐይ ወደማይደርስበት ከገደሉ ሥር ካለው ጥላ ታመላልስ ጀመር። እዚያም አፈሩ ላይ ያለው አመዳይ ገና አልለቀቀም።

በዚህ መሐል ሁሴን አህዮቹን እየነዳ ደረሰ። ሽበታም፣ ንግግረ ቁጥብ ሰው ነው።

«ጌጤ፣ ምን ነካሽ? ላብ በላብ ሆነሻል።»

«አያ ሁሴን፣ አይጠይቁኝ። ራስዎ ይዩት።»

ሁሴን ጎንበስ አለና ከላይ አንዱን አንስቶ በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። ጣቱ እስከ አንጓው ገባ። በሣሩ ላይ ጠራርጎት ቀና አለ።

«ይሄንን ደብረ ታቦር ላደርሰው አልችልም» አለ ቀስ ብሎ። «መንገድ ላይ ውሃ ሆኖ ያልቃል። አይዞሽ፤ ዋናው የሰው ነፍስ አለመነካቱ ነው።»

«የልጆቼ ነፍስ በዚህ ነበር፣ አያ ሁሴን።»

ሁሴንም ያለው ነገር እንዳልጠቀማት ገብቶታል። የአህዮቹን ገመድ እያፍተለተለ ቆየና፣ «ልክ ነሽ» አለ። «እኔም ከቤት የወጣሁት በሌላ ሐሳብ ነው። ገሳይ ሰው ሞልቷል። ከቆላው ከእብናት በኩል የመጡ ናቸው፤ ትናንት ያልነበሩ ዛሬ አሉ። ከድጃ ያለንን ገብስ ቆልታ ሰጠቻቸው። ባዶ የከረመ ሆድ ግን ቆሎ አይችልም፤ የበሉት ታመሙ። ሕፃናቱማ ማኘክም አቅቷቸዋል። ከጌጤ ድንች የተወሰነውን አስቀርልሻለሁ ብያት ነበር።»

ከድጃ የሁሴን ሚስት ናት። ጌጤ ገበያ በወረደች ቁጥር ዕቃዋን የምታስቀምጠው፣ ውሃ የምትጠጣው እሷ ዘንድ ነበር። ጌጤ ወደ ገደሉ ጥላ ዞር ብላ አየች።

«ያልቀለጠ አለ» አለች። «እንዳለ የፈላ ውሃ ውስጥ ከገባ ይበላል። ለስላሳ ነው፤ ማኘክም አይፈልግ። ግን ዛሬውኑ መቀቀል አለበት። ከቀለጠ አለቀ።»

ስልቻዎቹን መሙላት ሲጀምሩ ይርጋ ከላይ ወረደ።

«የት ነው?»

«ገሳይ» አለች ጌጤ።

«ለማን?»

«ለተራቡት።»

«እኛስ ጠግበናል?»

ጌጤ እንቅቡን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ይርጋ፣ ይኼ ነገ የለም። ለእኛ ዛሬና ነገ በልተን የምንጨርሰውን ትቻለሁ። የቀረውን ምን እናድርገው? እዚሁ ይፍሰስ?»

«መጀመሪያውኑስ ማን…» ብሎ ጀመረና አቋረጠው። ሁሴን ፊቱን ወደ አህዮቹ አዞረ።

«እኔ ነኝ» አለች። «ይደር ያልኩት እኔ ነኝ፤ አውቄዋለሁ። አሁን ግን እጄን አጣጥፌ ውሃ ሲሆን አላየውም።»

ይርጋ ጫኑ አላለም፤ አትጫኑም አላለም። ሁሴን ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ፀሐይ እንዳይነካቸው በስልቻዎቹ ላይ ደረበው፤ ጌጤም ቁርበቱን ጨመረችበት። አህዮቹን እያጣደፉ ቁልቁለቱን ወረዱ።

ገሳይ ሲደርሱ ከድጃ ግቢዋ ውስጥ የተቆረጠ በርሜል እሳት ላይ ጥዳ ውሃው ይንተከተካል። ሰዉ ከመንገዱ ዳር፣ ከየቤቱ ግድግዳ ሥር ተቀምጧል። ጌጤ ይህን ያህል ሕዝብ ዝም ብሎ ተቀምጦ አይታ አታውቅም። የሚለምንም የለም፤ የሚጮህም የለም። ድንቹ በርሜሉ ውስጥ ሲገባ እንደ ጠጠር ተንኳኳ። ከድጃ ደንግጣ አየቻት።

«እታለም፣ ድንጋይ ነው እንዴ ያመጣሽልኝ?»

«ቆዪ፤ ታዪዋለሽ።»

የመጀመሪያው ሲወጣ ጥቂቶቹ ለመቅረብ አመነቱ፤ ከእስላም ቤት እሳት የወጣ መብል መሆኑ ከንክኗቸው ነበር። ከድጃ ገብቷት ድምጿን ከፍ አደረገች። «ድንችና ጨው ነው! ቢስሚላህም በስመ አብም ይባልበታል። ኑ፣ ሳይቀዘቅዝ!» ያን ጊዜ አንድ ሽማግሌ ፈገግ ብለው ተነሡ፤ ሌላውም ተከተለ።

ጌጤ እየላጠች ታድል ነበር። እየላጠችም ታፍር ነበር። የሷ ድንች እንዲህ ውሃ እንዳቋጠረ፣ እንዲህ ልፍስፍስ ብሎ በሰው እጅ ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ግድግዳው ጥግ አንዲት ሴት ልጇን በነጠላ አቅፋ ተቀምጣለች፤ ለመቀበል አልተነሣችም። ጌጤ ሄዳ አጠገቧ ተንበረከከች።

«እንኪ፣ እኅቴ። ይቅር በይኝ፤ ውርጭ የመታው ነው።»

ሴትየዋ ቀና አለች። ወጣት ናት፤ ፊቷ ግን ያረጀ ነው። «ውርጭ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች።

ጌጤ ውርጭን የማያውቅ ሰው ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም። «ብርድ ነው» አለች። «ሌሊት ወርዶ ያገኘውን ሁሉ እንደ ድንጋይ የሚያደርቅ ብርድ።»

«እኛን የመታን ፀሐይ ነው» አለች ሴትየዋ።

ስሟ ወርቅነሽ ነው፤ ልጅቷ ማሬ ትባላለች። ባሏ ሥራ ፍለጋ ወደ ሁመራ ወርዶ እስካሁን ወሬው የለም። የማሬ አፍ ቆስሏል፤ ከትናንት ጀምሮ የተሰጣትን ሁሉ ትተፋለች። ጌጤ ከድንቹ ቆንጠር አድርጋ በሁለት ጣቷ አደቀቀችው። ማሸት እንኳ አላስፈለገውም፤ እንደ ቅቤ ሟሟ። ከልጅቷ ከንፈር ላይ ቀባ አደረገችላት። ማሬ ፊቷን አዞረች። ቆይታ ግን ምላሷን አውጥታ ላሰችው። ጣዕሙ ሳይገርማት አልቀረም፤ ዓይኗን ወደ ጌጤ ጣት መለሰች። ጌጤ ደገመችላት። ዋጠች።

ወርቅነሽ ያን ጊዜ ነው የራሷን ድርሻ የተቀበለችው።

ጌጤ ከድጃ ቤት አድራ በማግሥቱ ስትነሣ ወርቅነሽ ልጇን አዝላ አጥሩ ሥር ቆማለች። ምንም አልጠየቀችም። ከድጃ ግን ጌጤን ጎተት አድርጋ ወደ ጓዳ አስገባቻት።

«የኔን ቤት አይተሻል፤ የእግር መርገጫ የለም። ልጅቷ እዚህ ከሰው ጋር ተፋፍጋ ብትሰነብት በበሽታ ትሄዳለች። አንቺ ግን የራስሽ ችግር አለብሽ፤ ውሰጃቸው አልልሽም።»

«እንዳልሽኝ ይቆጠርልሽ» አለች ጌጤ። ወጥታም ወርቅነሽን «ነይ፣ እንሂድ» አለቻት።

መንገዱን ሁሉ ለይርጋ ምን እንደምትለው ስታወጣ ስታወርድ ወጣች። ሲደርሱ ግን ይርጋ ያለበት ሁኔታ ቃሏን ሁሉ አስረሳት። ከቀለጠው ድንች ገሚሱን ለከብት ይሆናል ብሎ ከማሳው በላይ ካለው ጠፍጣፋ ቋጥኝ ላይ አፍስሶት ነበር። ከብቶቹ አሽትተው ጥለውት ሄዱ። ይኼኔ ንዴቱ ገንፍሎ ሱሪውን ሰብስቦ በባዶ እግሩ ይረግጠው ጀመር። ጥቁር ውሃ በቋጥኙ ላይ እየወረደ፣ ልጣጩ በጣቶቹ መሐል እየሾለከ፣ እሱ እየተነፈሰ ይረግጠዋል። ቀና ሲል ሚስቱን አየ፤ ከኋላዋም ልጅ ያዘለች የማያውቃትን ሴት አየ።

እግሩን መሬት ላይ አሳርፎ ቆመ። እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጠቁሯል። ልጅቷ በእናቷ ትከሻ ላይ አጮልቃ ታየዋለች።

«ከእብናት ናቸው» አለች ጌጤ።

ይርጋ እግሩን አየ፤ አፈረ። «ግቡ» አለ፤ «እዚህ ብርድ ነው።»

ወርቅነሽና ማሬ እንዲያ ሆነው እነጌጤ ቤት ገቡ። ይርጋ ለእንግዶቹ ክፉ አልነበረም፤ ልጅቷን እሳት ዳር ያስቀምጣት፣ በርኖሱን ያለብሳት ነበር። ከጌጤ ጋር ግን ከሥራ ጉዳይ በቀር ቃል አይለዋወጥም። እሷም እንዲናገር አላስገደደችውም። ጎታው ውስጥ ከአምና የቀረችውን ጥቂት ገብስ በስፍር እያወጣች፣ ዘር እንደሌላቸው እያሰበች፣ ለብቻዋ ትብሰለሰል ነበር። ውርጭ የመታው ድንች እንደማይበቅል ደግሞ ማንም አልነገራትም፤ የሚበቅልበት ዓይኑ ሞቶ አይታዋለች።

ሳምንት አልፎ፣ ወርቅነሽ ኩበት ልትለቅም ወጥታ ከቋጥኙ ላይ አንድ ነገር ይዛ መጣች።

«እትዬ ጌጤ፣ ይኼ ምንድን ነው? ክብደት የለውም።»

ጌጤ ተቀበለቻት። የተጨማደደ፣ ነጣ ያለ፣ እንደ ቡሽ የቀለለ ነገር ነው። ድንች መሆኑን ያወቀችው ከጎኑ በተረፈው ልጣጭ ነው። ሌሊት ውርጩ እየደጋገመ መትቶት፣ ቀን ፀሐይና ነፋስ ጠጥቶት፣ በይርጋ እግር የተጨመቀው ሁሉ እንዲህ ሆኖ ደርቋል። ሰበረችው፤ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ውስጡ እንደ ጠመኔ ነጭ ነው። ልሽቅታውም፣ ጥቁር ውሃውም የለም። ነከሰችው፤ ጥርሷ ላይ ዱቄት ሆነ።

«ዱቄት ነው» አለች። ከዚያም ጮክ ብላ፣ «ይርጋ! ይርጋ፣ ና እስቲ!»

ይርጋ ከበረት ወጥቶ መጣ። የሰጠችውን አገላብጦ አየው፤ ቀመሰው፤ ፊቱን ትንሽ አጨማደደ። «ይመራል።»

«ይታጠብ ይሆናላ። የመረረውን ውሃ ይወስደዋል።»

ምንጩ ውስጥ ዘፍዝፈው አሳደሩት፤ መልሰው አሰጡት፤ ምሬቱ አብዛኛው ለቀቀ። ጌጤ ፈጭታ ከገብስ ዱቄት ጋር ቀላቅላ ገንፎ አገነፋችው። እንደ ገብስ ገንፎ አልጠነከረም፤ ልዝብ ያለ፣ ያለ ማኘክ የሚወርድ፣ ሆድ ውስጥ ግን የሚቆይ ነበር። ይርጋ እስኪጨርስ አልተናገረም። ሲጨርስ እግሩን ዘርግቶ አየውና በረጅሙ ሳቀ። «ከብት ያልበላውን ለሰው አበሰልኩት!» አለ። ጌጤም ሳቁን ስትሰማ አብራው ሳቀች።

ከዚያ በኋላ ሥራው የሁሉም ሆነ። ከማሳው ላይ የቀረው ክምር ከፊሉ በስብሶ ነበር፤ ያልበሰበሰውን ለይተው ወደ ቋጥኙ አወጡት። ማታ ለውርጭ ያሰጡታል፤ ጠዋት ረፈድ ብሎ ሲለቅ ሁሉም ሱሪና ቀሚሱን ሰብስቦ ይረግጠዋል። ቅዝቃዜው አጥንት ድረስ ይገባል። ወርቅነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትረግጥ ጮኸች፤ ከዚያ በእብናት የውቂያ ዜማ ታዘፍናቸው ጀመር። ጎረቤቶችም መጥተው አዩ፤ ድንቹ ገና መሬት ውስጥ ሳለ ውርጭ ያገኘባቸው ነበሩና እነሱም በየቋጥኛቸው ላይ አሰጡ።

አንድ ረፋድ ላይ ባልና ሚስቱ ብቻቸውን ስጡን እያገላበጡ ሳለ ይርጋ ቀና ሳይል ተናገረ።

«ያን ዕለት እኔም ሰማዩን አይቼ ነበር።»

«የትኛውን ዕለት?» አለች ጌጤ፤ የትኛውን እንደሆነ ግን አውቃለች።

«ደመናውን አይቼ ነበር። እኔም በልቤ ውርጭ አይወርድም ብያለሁ። ያን ሁሉ ድንች ሽቅብ ልሸከም ነው ብዬ ሳስብ ጉልበቴ ተሰብሮ ነበር። አንቺ ይደር ስትዪ ደስ አለኝ።»

ጌጤ እጇ ቆመ። «ታዲያ ለምን እስካሁን ዝም አልክ?»

«ጥፋቱ አንቺ ዘንድ ሲሆን ይቀለኝ ነበር» አለ።

ልትቆጣ ይገባት እንደነበር ኋላ አሰበች። ያን ሰዓት ግን የተሰማት ቁጣ አልነበረም። ብቻዋን ተሸክማው የሰነበተችው ነገር አንደኛው ጫፍ በሌላ ሰው እጅ ሲያዝ ተሰማት። «በል እዚያ ጋ ያለውን ገልብጥ» አለችው፣ ድምጿን ለስለስ አድርጋ።

ያ ዓመት ለማንም ቀላል አልነበረም። የደረቀው ድንች ጥጋብ አላመጣም፤ ከገብሱ ጋር ተደባልቆ ግን ቀኑን ከቀን አገናኘ። ከሁለቱ በሬዎች አንዱ ተሸጠ። ኋላ ላይ የእርዳታ ስንዴ መጣና ይርጋ ወርዶ ተሰልፎ ድርሻቸውን አመጣ። ከድጃ ግቢ ካለው ሕዝብ መሐል ያልተነሡም ነበሩ፤ ሁሴን የክርስቲያኑንም የእስላሙንም መቃብር ሲያስቆፍር ሰነበተ። ማሬ ግን በገንፎው እየጠነከረች ሄደች። በጥር ግድግዳ ይዛ ቆመች፤ በየካቲት የይርጋን ከዘራ እየጎተተች ቤቱን ትዞረው ነበር። ይርጋም ከዘራውን መፈለግ ትቶ ሌላ ቆረጠ።

የዘሩ ነገር ብዙ አሳሰባቸው። በሚያዝያ ሁሴን ከነፋስ መውጫ ማዶ ሲመለስ አንድ ጆንያ ድንች ይዞ ወጣ። ውርጭ ካልደረሰበት አገር የመጣ ነው፤ ጥቃቅን ቢሆንም ዓይኑ ሕያው ነው። ጌጤ አንድ በአንድ እያገላበጠች በአውራ ጣቷ ጫን እያደረገች አየችው። ጠንካራ ነው። ትልልቁን በሁለት እየከፈለች፣ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ዓይን እያስቀረች ተከለችው። ወርቅነሽ ከኋላዋ አፈር ትመልስ ነበር።

ሰኔ ዘንቦ ጉም የጉናን አናት ሲይዝ ከድጃ አንድ ወሬ ላከች። የወርቅነሽ ባል ከሁመራ ተመልሶ እብናት ገብቷል፤ ሚስቱንና ልጁን እየፈለገ ነው። ወርቅነሽ ወሬውን ስትሰማ ከምድጃው አጠገብ ቁጭ አለች፤ ለረጅም ጊዜም ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። በማግሥቱ ለመሄድ ተነሣች።

ጌጤ የደረቀ ድንች በከረጢት ሞላችላት። «ዘፍዝፈሽ እጠቢው እሺ? እዚያ ሙቀት ነው፤ እርጥበት እንዳያገኘው።»

«ለእናንተስ?»

«እኛማ እሸት ደርሶልናል» አለች ጌጤ። ገና አልደረሰም ነበር፤ ሁለቱም ያውቃሉ።

ይርጋ ማሬን በትከሻው ተሸክሞ፣ ጌጤም ከረጢቱን ይዛ እስከ ገሳይ አብረዋቸው ወረዱ። ሁሴን ወደ ደብረ ታቦር የሚሄድ የጭነት መኪና አነጋግሮ ከሹፌሩ አጠገብ ቦታ ለምኖላቸዋል። ከድጃ ለመንገድ የሚሆን አምባሻ በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠች። ማሬ ከይርጋ አንገት አልወርድ ብላ አለቀሰች፤ ይርጋም ጣቶቿን አንድ በአንድ ሲያላቅቅ ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ ነበር።

«እትዬ ጌጤ» አለች ወርቅነሽ መኪናው ላይ ሆና፤ «ዘንድሮ ከዘነበልን ማሽላው ሲደርስ እመጣለሁ።»

«ባትመጪም ላኪብኝ፤ ደኅና መሆናችሁን ብቻ ላኪብኝ።»

መኪናው ጭቃውን እየረጨ ሄደ። ጌጤና ይርጋ እስኪሰወር ቆመው አዩት። ዝናቡ ማካፋት ጀምሮ ነበር። ከድጃ ግቡ ብትላቸውም አልገቡም፤ ድንቹ አፈር የሚታቀፍበት ጊዜ ነበርና ዶማቸው ከማሳው ዳር ይጠብቃቸዋል። ይርጋ ጋቢውን ከፍቶ ግማሹን ለሚስቱ ደረበላትና ዳገቱን ተያያዙት።